ዳያቶኒክ ስኬል «ተለጠጠ» ወይም «ተጨመቀ» ሲባል የሚለወጠው ኦክታቩ ነው ወይስ አምስተኛው ርቀት?

ጠያቂ፦ ክራረኛው ከአዘዞ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች። ነዋሪነቴ ጎንደር፣ አዘዞ ሲሆን ክራር መጫወት ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከአንድ ዓመት ወዲህ ኪቦርድ ከሚጫወት ጓደኛዬ ጋር በሠርግና በክርስትና ድግስ ላይ አብረን መሥራት ስለ ጀመርን፣ ቀደም ሲል ጨርሶ አስቤው የማላውቀው ጉዳይ ዕረፍት ነሥቶኛል። ክራሬን በጆሮዬ ትዝታ ሜጀር ላይ ቃኝቼ ከኪቦርዱ ጋር ስንጀምር ዶ ላይ አንድ እንሆናለን፤ ሶል ላይ የእኔ ድምፅ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ሚ ላይ ስንደርስ ደግሞ ልዩነቱ፣ አድማጭ ባይለየውም፣ ለሁለታችን ግልጽ ሆኖ ይሰማል። ክራሩን በኪቦርዱ ልክ ስቃኘው በበኩሉ ብቻዬን ስጫወት ቅኝቱ የቀዘቀዘ ይመስለኛል።

ባለፈው እሑድ የስልኬን መቃኛ ከፍቼ ዶን በትክክል ዜሮ ላይ አሳረፍኩና ሶልን መታሁ። መርፌው 6 ሴንት (ሴንት የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው) ወደ ቀኝ አልፎ ታየ። ስለዚህ በኪቦርዱ 700 ሴንት የሆነው የዶና የሶል ርቀት በእኔ ክራር 706 ሆኗል ማለት ነው። ይህንን ይዤ ስለ ማይክሮቶናል ሙዚቃ (ከኪቦርዱ 12 ድምፆች ውጭ ባሉ ርቀቶች ስለሚሠራ ሙዚቃ) ማንበብ ስጀምር «የተለጠጠ ዳያቶኒክ» እና «የተጨመቀ ዳያቶኒክ» የሚሉ አገላለጾች አገኘሁ (ዳያቶኒክ የተለመደው የዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ስኬል ነው)፤ ነገር ግን ግራ አጋቡኝ። አንዱ ጸሐፊ ኦክታቩ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ራሱ ከ1200 ሴንት በላይ ሲሰፋ «ተለጠጠ» ይላል። ሌላው ደግሞ ኦክታቩን ሳይነካ ትልልቆቹ እርምጃዎች ሲያድጉና ትንንሾቹ ሲያንሱ ይህንኑ ቃል ይጠቀማል።

ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው ወይስ የተለያዩ? የእኔ 706 የየትኛው ወገን ነው? ኪቦርዱንስ ወደ ክራሩ ማምጣት ይቻላል? ጊዜ ወስዶ ለሚያስረዳኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ፦ መምህሩ ከፒያሳ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ብዙ የሙዚቃ ተማሪዎች ሳይጠይቁት የሚያልፉት ነው፤ ግራ የተጋቡትም በራስዎ ጥፋት ሳይሆን አንድ ቃል ለሁለት የተለያዩ ሥራዎች በመዋሉ ነው። ሁለቱን ለመለየት ስኬሉ ከምን እንደ ተሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ሴንት የተባለውን መለኪያ እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ በ1885 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲያስተዋውቅ ኦክታቩን 1200 ቦታ ከፈለው፤ በዚህም የኪቦርዱ እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ሆነ። ዳያቶኒክ ስኬል አምስት ትልልቅና ሁለት ትንንሽ እርምጃዎች አሉት፤ ቅደም ተከተላቸውም ትልቅ፣ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ትልቅ፣ ትልቅ፣ ትልቅ፣ ትንሽ ነው። (ሆን ብዬ «ሙሉ ድምፅ» እና «ግማሽ ድምፅ» አላልኩም፤ ወደ ማይክሮቶናል ሙዚቃ ስንገባ ትንሹ የትልቁ ግማሽ መሆኑ ይቀራልና።) እነዚህ ሰባት ድምፆች ሁሉ የሚወለዱት ከአንድ ርቀት መደጋገም ነው። ከፋ ተነሥተው በአምስተኛ ርቀት (ከዶ እስከ ሶል ባለው ዓይነት ርቀት) ቢዘሉ ፋ፣ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ፣ ሲ ያገኛሉ፤ ከዚያ ሁሉንም ወደ አንድ ኦክታቭ ሰብስቦ በቅደም ተከተል መደርደር ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የትልቁ እርምጃ መጠን የአምስተኛው ርቀት ሁለት እጥፍ ሲቀነስ አንድ ኦክታቭ ነው፤ የትንሹ መጠን ደግሞ ሦስት ኦክታቭ ሲቀነስ የአምስተኛው ርቀት አምስት እጥፍ ነው። በኪቦርዱ ስሌት 1400 ሲቀነስ 1200 ትልቁን 200 ያደርገዋል፤ 3600 ሲቀነስ 3500 ደግሞ ትንሹን 100 ያደርገዋል።

የመጀመሪያው ዓይነት መለጠጥ የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ኦክታቩን 1200 ላይ አስረን አምስተኛውን ርቀት ጥቂት ብናሰፋው፣ ትልቁ እርምጃ በዚያ ጭማሪ ሁለት እጥፍ ያድጋል፣ ትንሹ ግን በዚያ ጭማሪ አምስት እጥፍ ይቀንሳል። ትንሹ እርምጃ እንዲህ ቶሎ የሚነካ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እርሱ ነው። ኦክታቩን ለ17 እኩል ቦታ የከፈልን እንደሆነ አምስተኛው 705.88፣ ትልቁ 211.76፣ ትንሹ 70.59 ይሆናል፤ ትልቁ የትንሹ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ለ22 ብንከፍለው አምስተኛው 709.09 ይደርስና ትልቁ የትንሹ አራት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው ለ19 ብንከፍለው አምስተኛው ወደ 694.74 ይጠብባል፣ ትልቁ 189.47፣ ትንሹ 126.32 ሆነው ይቀራረባሉ፤ ይህ «የተጨመቀ» የሚባለው ነው። ለ31 መክፈልም በዚሁ በጠበበው ወገን ነው፤ አምስተኛው 696.77 ሆኖ የዶና የሚ ርቀት 387.10 ይደርሳል፤ ከተፈጥሯዊው (ከአምስት ለአራት ንጽጽር) 386.31 ጋር አንድ ሴንት እንኳ የማይሞላ ልዩነት ነው። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ኦርጋኖች በአብዛኛው የሚቃኙት በዚህ ዓይነት በጠበበ አምስተኛ ነበር፤ የሆላንዱ ሊቅ ክሪስቲያን ሃይገንስም ያ ቅኝት ለ31 ከመክፈል ጋር እንደሚገጣጠም ያሰላው በዚያው ዘመን ነው። በ1950 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ በሆላንድ ሃርለም ከተማ በአድሪያን ፎከር ንድፍ 31 ድምፅ ያለው ኦርጋን ተሠርቷል።

መለጠጡም መጨመቁም ወሰን አለው። አምስተኛውን እስከ 720 ካሰፋን ትንሹ እርምጃ ዜሮ ይሆንና ሰባቱ ድምፆች ወደ አምስት እኩል ድምፆች ይወርዳሉ። እስከ 685.71 ካጠበብነው ደግሞ ትልቁና ትንሹ እኩል 171.43 ይሆኑና ልዩነታቸው ይጠፋል። ዳያቶኒክ ስኬል የሚኖረው በእነዚህ ሁለት ዳርቻዎች መካከል ነው፤ በእኔ ግምት ይህ ከጉዳዩ ሁሉ እጅግ የሚያምረው ክፍል ነው፤ ኪቦርዱ ብቻውን ሲታይ «የተፈጥሮ ሕግ» የሚመስለው 700 በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ መሆኑን ያሳያልና።

ሁለተኛው ዓይነት መለጠጥ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። እዚያ የሚለጠጠው ኦክታቩ ራሱ ሲሆን በውስጡ ያለው ሁሉ እንደ ላስቲክ በእኩል መጠን አብሮ ይለጠጣል። ኦክታቩን 1210 ብናደርገው ትልቁ እርምጃ 201.67፣ ትንሹ 100.83 ይሆናል፤ ትልቁ አሁንም የትንሹ ሁለት እጥፍ ነው፣ የስኬሉ መልክ አልተለወጠም። አምስተኛውስ? 705.83 ሆነ። ከ17 ክፍሉ 705.88 ጋር ያስተያዩት፤ በጆሮ ሊለዩ አይችሉም። ስለዚህ የእርስዎ 706 ብቻውን የትኛው ወገን እንደ ሆነ ሊነግረን አይችልም።

አንድ ሥራ ልስጥዎ። ክራርዎን አምባሰል ላይ ይቃኙት፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ እና ስድስተኛዋ ክር የላይኛው ዶ (ፍላት ማለት ጥቂት ዝቅ የተደረገ ድምፅ ነው)። በዚህ ቅኝት ኦክታቩንም፣ አምስተኛውንም፣ ሁለቱን ትንንሽ እርምጃዎችም በአንድ ጊዜ መለካት ይችላሉ። ኦክታቩ 1200 ሆኖ ትንሹ ወደ 70 ከተጠጋ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ኦክታቩ ወደ 1210፣ ትንሹም ወደ 101 ከሆነ ሁለተኛው ነው።

መልስ፦ ኪቦርድ ጠጋኝ

መምህሩ ያስረዱትን ማንም በቤቱ ሊሞክረው እንዲችል ቁጥሩን ላስቀምጥ። ብዙ የዘመኑ ኪቦርዶች «ስኬል ቱን» የሚባል ቦታ አላቸው፤ እዚያ ገብቶ ለ12ቱ ድምፆች ለእያንዳንዳቸው በሴንት መጨመርና መቀነስ ይቻላል። የ17 ክፍሉን የተለጠጠ ሜጀር ለማግኘት ዶን ዜሮ ላይ ትታችሁ ሶልን 6፣ ሬን 12፣ ላን 18፣ ሚን 24፣ ሲን 29 ጨምሩ፣ ፋን 6 ቀንሱ። የ19 ክፍሉን የተጨመቀ ለማግኘት ሶልን 5፣ ሬን 11፣ ላን 16፣ ሚን 21፣ ሲን 26 ቀንሱ፣ ፋን 5 ጨምሩ። ጭማሪው በአምስተኛ ርቀት ሰንሰለት እየተጠራቀመ እንደሚሄድ ከቁጥሩ ራሱ ይታያል፤ ሶል ላይ ስድስት ብቻ የነበረው ሚ ላይ አራት እጥፍ ሆኗል። ጠያቂው «ሚ ላይ ልዩነቱ ይብሳል» ያሉትም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ከዚያ የኦርጋን ድምፅ መርጣችሁ መካከለኛውን ዶና በላዩ ያለውን ሚ አብራችሁ ያዙ። በተለመደው የኪቦርድ ቅኝት ሁለቱ ድምፆች ሲገናኙ በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ነገር ይሰማል፤ ለምደነው እንጂ አለ። በ17 ክፍሉ ይህ መርገብገብ በሴኮንድ ወደ 28 ይደርስና ድምፁ ሻካራ ይሆናል፤ በ19 ክፍሉ ከ5 እስከ 6 ብቻ ስለሆነ ይረጋጋል። ኮርድ (ብዙ ድምፆችን በአንድ ላይ) ለሚጫወት ሰው መጨመቁ ይመረጣል ማለት ነው። ዜማ ብቻ ለሚጫወት ሰው ግን ፍርዱ ይገለበጣል፤ ሲን መትታችሁ ወደ ዶ ስትወጡ በ17 ክፍሉ 70 ሴንቷ እርምጃ ዶን ጎትታ ታመጣዋለች፣ በ19 ክፍሉ 126 ሴንቱ እርምጃ ግን የላላ ገመድ ይመስላል። እኔ ሁለቱንም ደጋግሜ ከሞከርኩ በኋላ ዜማን ለብቻው ስጫወት የተለጠጠውን መርጫለሁ።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። «ስኬል ቱን» በአንድ ኦክታቭ ላይ ያደረጋችሁትን በሁሉም ኦክታቭ ስለሚደግመው ኦክታቩን ራሱን መለጠጥ አይችልም። ለሁለተኛው ዓይነት ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ሰርጅ ኤክስቲ የተባለው በነፃ የሚገኝ ሲንተሳይዘር በስካላ ፋይል (ቅኝት በቁጥር በሚጻፍበት የፋይል ዓይነት) የተጻፈ ማንኛውንም ቅኝት ይቀበላል፣ ኦክታቩ 1210 የሆነውንም ጭምር። በዚያ ስሞክር መካከለኛው ዶና የላይኛው ዶ አብረው ሲያዙ በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ፤ አንድ መሆን የሚገባቸው ድምፆች አንድ አልሆኑም።

ይህ ግን የቅኝቱ ብቻ ጥፋት አይደለም፣ የድምፁ አፈጣጠርም አለበት። በአንድ ድምፅ ውስጥ ተሰውረው የሚሰሙት ሃርሞኒኮች የዋናው ድምፅ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ ሲሆኑ ጆሮ ኦክታቩን በትክክል እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋል። የኮምፒውተር ሙዚቃ ተመራማሪዎቹ ማክስ ማቲውስና ጆን ፒርስ በኮምፒውተር ሃርሞኒኮቹን ራሳቸውን ለጥጠው ከተለጠጠ ስኬል ጋር ያጫወቱት ይህንን ለመፈተሽ ነበር። ከእነርሱ በኋላ ተመራማሪው ዊልያም ሴታሬስ እጥፉን 2.1 አድርጎ፣ ማለትም ኦክታቩን ወደ 1284 ሴንት ወስዶ፣ ድምፁም በዚያው ልክ ከተሠራ ኦክታቩ እንደሚረጋጋ አሳይቷል። ፒያኖም የዚሁ ነገር ትንሽ ምሳሌ ነው፤ የብረት ክሮቹ ግትር ስለሆኑ ሃርሞኒኮቻቸው ከእጥፉ ትንሽ ከፍ ይላሉ፣ ቃኚውም ዳርና ዳሩን ኦክታቭ ጥቂት ለጥጦ ካልቃኘው ለጆሮ አይጥምም።

መልስ፦ መሰንቆ ወዳድ

መምህሩ «ሰባቱ ወደ አምስት ይወርዳሉ» ያሉት ነገር ሌሊቱን ሲያሳስበኝ ስላደረ በራሳችን ቅኝቶች ላይ አሰላሁት፤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በውስጡ ትንሽ እርምጃ የለም። ስለዚህ አምስተኛው እስከ 720 ድረስ ቢለጠጥ አምስቱም ድምፆች አምስት ሆነው ይኖራሉ፤ ርቀታቸው ብቻ ሁሉም 240 ሴንት ይሆናል። ባቲ ሜጀር ግን ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ በመሆኑ ሁለት ትንንሽ እርምጃዎች አሉት፤ ሚ ፋን ይሆናል፣ ሲም ዶን ይሆናል፣ የሚቀሩት ዶ፣ ፋ፣ ሶል ብቻ ናቸው። አምባሰልም ሬ ፍላቱ በዶ፣ ላ ፍላቱ በሶል ይዋጡና ከእርሱም ዶ፣ ፋ፣ ሶል ይቀራሉ። ባቲና አምባሰል በዳርቻው ላይ አንድ ሆኑ! የሁለቱን ጠባይ የሚለየው ያች ትንሽ እርምጃ ከላይ ትደገፍ ወይስ ከታች የሚለው ጉዳይ ብቻ እንደ ሆነ ይህን ያህል ጎልቶ ታይቶኝ አያውቅም ነበር። አንቺ ሆዬ ከዚህ ስሌት ውጭ ነው፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ የአንድ ዳያቶኒክ ስኬል ልጆች አይደሉምና።

ስለዚህ ጠያቂው በክራራቸው ላይ መለጠጥን መሞከር ቢፈልጉ ትዝታ ሜጀር ብዙ ይችላል፣ አምባሰልና ባቲ ግን ብዙ አይችሉም እላለሁ። ኦክታቩን መለጠጥ በበኩሉ መሰንቆ ላይ ብዙም ትርጉም አይኖረውም። ደጋን የሚጎትተው የፈረስ ጭራ ሃርሞኒኮቹን በትክክለኛ እጥፍ ላይ አስሮ ስለሚይዛቸው ጆሮ የሚመራን ወደ ትክክለኛው ኦክታቭ ነው።

ጠያቂው በድጋሚ፦ ክራረኛው ከአዘዞ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የታዘዝኩትን ሠርቼ መጥቻለሁ።

ክራሩን አምባሰል ላይ በጆሮዬ ብቻ ቃኘሁትና፣ የግቢው ድምፅ ጸጥ እስኪል እስከ ምሽት ሦስት ሰዓት ጠብቄ ለካሁት። ኦክታቩ 1201 ሆነ። ትንሹን እርምጃ ከዶ ወደ ሬ ፍላት ሦስት ጊዜ እንደገና እየቃኘሁ ስለካው 86፣ 95 እና 91 አገኘሁ። ከሶል ወደ ላ ፍላት ያለውም ከዚህ ብዙ አልራቀም። መምህሩ ከነገሩኝ ከ70ም ከ101ም ጋር አይገጥምም፤ በመካከላቸው ነው። መጀመሪያ መቃኛው የተሳሳተ መስሎኝ ነበር።

በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሶልን እንደ ልማዴ በኃይል ስመታት መርፌው 706 ላይ ይታይና፣ ክሯ ድምፅዋ እየደከመ ሲሄድ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ተመልሶ 702 ላይ ይረጋጋል። በለሆሳስ ስመታት ከመጀመሪያውም 702 ላይ ነች። ያለፈው እሑድ የመዘገብኩት የአመታቱን ቅጽበት ኖሯል። መምህር፣ ይህ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ መምህሩ ከፒያሳ

እጅግ ጥሩ አድርገው ለክተዋል፤ ውጤቱም ግልጽ ነው። ክር በኃይል ሲመታ ለቅጽበት የበለጠ ስለሚወጠር ድምፁ ከፍ ብሎ ይጀምርና ውጥረቱ ሲረግብ ይወርዳል፤ ስለዚህ መለካት ያለበት ከተረጋጋ በኋላ ነው። የተረጋጋው 702 የተፈጥሮው አምስተኛ ርቀት ነው፤ የሦስት ለሁለት ንጽጽር በትክክል ሲሰላ 701.955 ይሆናል። በቀመሩ ቢያስገቡት ትንሹ እርምጃ 90.22 ይወጣል፤ የእርስዎ 86፣ 95 እና 91 አማካያቸው ከ91 አያልፍም። ጆሮዎ ክራሩን የቃኘው አምስተኛዎቹ ሳይርገበገቡ እስኪያርፉ ድረስ ነው።

በመጀመሪያው ትርጉም ከኪቦርዱ አንጻር ክራርዎ የተለጠጠ ነው፣ ነገር ግን በ2 ሴንት ብቻ፤ በሁለተኛው ትርጉም አልተለጠጠም። ለጓደኛዎ ኪቦርድ ይህንን ይስጡት፦ ዶ ዜሮ፣ ሶል 2፣ ሬ 4፣ ላ 6፣ ሚ 8፣ ሲ 10 ሲጨመር፣ ፋ 2 ሲቀነስ። በአምባሰል ስትጫወቱ ደግሞ ላ ፍላትን 8፣ ሬ ፍላትን 10 ይቀንስ። ሚ ላይ የሰማችሁት ልዩነት ያ 8 ሴንት ነው፣ ሶል ላይ የሰማችሁት ግን አብዛኛው የእጅዎ ኃይል ነው። በድግስ ላይ በኃይል መምታት የግድ ስለሚሆን፣ ሶልን በዚያው ኃይል እየመቱ ሁለት ሴንት ያህል ዝቅ አድርገው መቃኘት ይችላሉ፤ እኔ ግን ብቻዎን ሲጫወቱ ያንን እንዲያደርጉ አልመክርም።

ጠያቂው፦ ክራረኛው ከአዘዞ

ቁጥሩን ትናንት ማታ ኪቦርዱ ላይ አስገባነው። ትዝታ ሜጀር ላይ ሚን አብረን ይዘን ቆየን፤ ጓደኛዬ ድምፁን እየቀነሰ ሄደ፣ የእኔ ክር የት እንደ ቆመችና የእርሱ የት እንደ ጀመረ መለየት አልቻልንም። የ17 ክፍሉን ለብቻው አስቀምጠነዋል፤ ለቅዳሜ በእርሱ ላይ አንድ ትዝታ እየተለማመድን ነው።